ስለ ሸማቾች አድማና ስለ ወሬ መርማሪ

ገበያተኛ ያስቀየመውን ነጋዴ «ከእንግዲህ ካንተ አልገዛም» ለማለት መብት እንዳለው የሚክድ የለም። ዱሮ ይህ ቃል ከአንድ ሰፈር አያልፍም ነበር፤ ዛሬ ግን በፌስቡክና በቴሌግራም ቀን ሳይሞላው አገር ያዳርሳል። በበኩሌ ይህ ለድኻው ሸማች የተገኘ ትልቅ መሣሪያ ነው እላለሁ። የሚያሳስበኝ አድማው የቆመበትን ወሬ ማን ይመረምራል የሚለው ጉዳይ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። ሄኒከን የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በበደሌ ቢራው ስም የዘፋኙን የቴዎድሮስ ካሳሁንን የሙዚቃ ጉዞ ሊደግፍ ተስማምቶ ነበር። ዘፋኙ ስለ ዐፄ ምኒልክ ዘመቻ ተናገረው የተባለ ቃል በፌስቡክ ሲሠራጭ ብዙዎች «በደሌን አንጠጣም» ብለው ተነሡ፤ ኩባንያውም ድጋፉን ሰረዘ። ዘፋኙ ግን ቃሉ የእኔ አይደለም ብሏል። ያዘኑትን ሰዎች አልነቅፍም፤ ቢራ መተውም ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ቃሉን ለሕዝብ ያደረሰው ገጽ፣ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ተብሎ የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም።

እኛ የዘነበወርቅ ልጆች ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ልናስተውል ይገባናል። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ሕመሙ በመድኃኒት እንደሚድን ከታወቀም በኋላ ከዳነ ሰው እጅ ዕቃ ለመቀበል የሚፈራ አልጠፋም። ያም «አንገዛም» ማለት ነበር፤ መሠረቱ ግን ወሬ ብቻ ነው።

ወሬው በሰው ሕይወት ላይ ሲመጣ ደግሞ ይከፋል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንድ ሰው በራያ ቆቦ ግፍ ተፈጸመ፣ የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ሰላማውያን ሰዎችም ተባባሪ ነበሩ ብሎ በአማርኛ ጻፈ። ፌስቡክ ጽሑፉን አነሣው፤ በኋላም መልሶ አወጣው። የኩባንያው ተቆጣጣሪ ቦርድ ያልተረጋገጠ ወሬ ስለሆነ ይነሣ ብሎ የወሰነው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነት ባለበት አገር ከአራት ወር በላይ!

ታዲያ ምን ይደረግ? በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ድርጅቶች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ፣ ፌስቡክ የጥላቻን ንግግር አልገታም ብለው ማስታወቂያቸውን ለአንድ ወር ከለከሉት። እኛ ቢራውን እንጂ ገጹን አስደንግጠን አናውቅም። በፌስቡክ የሚያስተዋውቁት ባንኮቻችንና የቢራ ፋብሪካዎቻችን፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያነቡ በቂ መርማሪዎች ካልተቀጠሩ ገንዘባችንን አንሰጥም ለማለት ይችላሉ። ደንበኞቻቸው እኛና ወላጆቻችን ነን፤ ይህን የሚጠይቅ ደብዳቤ ለመጻፍም ከትምህርት ቤታችን ሰው አይታጣም።