መመለስ ተማርን፤ መጠየቅስ?

ሰው ከአገሩ ሲወጣ በክፍል የተማረው እንግሊዝኛ የት ድረስ እንደሚያደርሰው የሚገባው ትኬት መቁረጫው መስኮት ፊት ሲቆም ነው። እኛም የገባን እዚያው ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት መምህራን ሆነን ለአጭር ሥልጠና ኬንያ ሄደን ነበር። ከናይሮቢ ወደ ናኩሩ የሚወስደንን የአውቶቡስ ትኬት ስንቆርጥ ሻጩ "ኤይት ኦክሎክ" አለን። "የስ፣ ታንክ ዩ" ብለን በኩራት ወጣን። በማግሥቱ ምሳችንን በልተን፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሻንጣችንን አንጠልጥለን ብንደርስ አውቶቡሱ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዷል! የእኛ ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛ ስምንት መሆኑን ተማሪ ፊት ቆመን ስንት ጊዜ አስተምረናል! የከፈልነውንም ገንዘብ፣ የመጀመሪያውን ቀን ሥልጠናም ውሃ በላው።

ይበልጥ የቆጨን ግን ሻጩ የነገረን ነው። ለካስ ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ኖሯል። የጧቱን አንድ ሰዓት "ሳ ሞጃ" ይሉታል፤ ትርጉሙም ያው አንድ ሰዓት ነው። "ጧት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር" አለን። ልብ በሉ! ሦስታችንም በሰዋስው ተፈትነን ያለፍን ነን። አንዲት አጭር ጥያቄ ግን ከአፋችን አልወጣችም። ለምን? የማናውቅ እንዳንመስል ነዋ!

በኬንያ እንግሊዝኛ ከስዋሂሊ ጋር የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው ይህንኑ ይላል። ቢሆንም የሚናገሩት የእኛን መማሪያ መጽሐፍ አይደለም። የታክሲ ማቆሚያውን "ስቴጅ" ሲሉት እኛ የቴአትር መድረክ መሰለን። እንቅፋት ሲመታን አንዲት እናት "ሶሪ" አሉን፤ ምን አጥፍተው ነው ይቅርታ የሚጠይቁን ብለን ግራ ተጋባን። ለካ በስዋሂሊ "ፖሌ" የሚሉትን፣ የእኛን "እኔን!" ማለታቸው ኖሯል። "ፊፍቲ" እና "ፊፍቲን" በጆሯችን አንድ ሆነውብን 15 ሽልንግ ስንዘረጋ 50 አምጡ ተባልን።

በእኛ እምነት የዚህ ሁሉ ሥሩ ያለው ናይሮቢ ሳይሆን እዚሁ ክፍላችን ውስጥ ነው። አስተማሪ ይጠይቃል፣ ተማሪ ይመልሳል። የተሳሳተ ይሳቅበታል፣ ዝም ያለ ይተርፋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል። ታዲያ ልጁ ይህን ያህል ዓመት ተምሮ "አልሰማሁም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ" ማለት ካላስለመድነው ምን አስተማርነው?

ይህን ስንል ሰዋስው ይቅር ማለታችን አይደለም። ድንበር ላይ ቅጽ ስንሞላ፣ ማስታወቂያ ስናነብ ያወጣን እሱ ነው። "ክፍሉ በተማሪ ታጭቋል፣ ፈተናውም የጽሑፍ ነው፣ በምን ጊዜ?" የሚሉ ባልደረቦቻችን መኖራቸውንም እናውቃለን፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ዋጋና ሰዓት እንዲጠያየቁ ማድረግ ከክፍለ ጊዜው አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ጠመኔ እንኳ አይፈጅም።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ሠልጣኞች ሦስት ነገር እንድትይዙልን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ተማሪው የሚጠይቅበት ጊዜ በየትምህርት ዕቅዳችሁ ውስጥ ይኑር። ሁለተኛ፣ ቁጥርና ሰዓት በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በጆሮም ይለመድ። ሦስተኛ፣ ተሳስቶ በተናገረ ልጅ ላይ ማንም እንዳይስቅ፤ አስተማሪው ደግሞ ከሁሉ በፊት። እኛም አሠልጣኞቹ ይህን ከራሳችን ክፍል እንጀምራለን፤ ካልጀመርን ውቀሱን።

"ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ይባላል። እኛ የቀረብን አንድ አውቶቡስ ነው። ነገ ባዕድ አገር ሐኪም ፊት የሚቀመጠው፣ ያልገባውን የሥራ ውል እንዲፈርም ብዕር የሚሰጠው ልጅ ግን የዛሬው ተማሪያችን ነው። እሱ ዝም ካለ የሚቀርበት አውቶቡስ ብቻ አይደለም።