የጋለ ሞተር ክዳን አይከፈትም



ባለፈው ሳምንት ደብተርና ጠመኔ ልናመጣ ወደ ከተማ ወርደን ነበር። ስንመለስ ያሳፈረችን አሮጌ ላዳ ናት። ላዳ በ1962 ዓ.ም. በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት መሠራት የጀመረች ትንሽ መኪና ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዘመን በታክሲነት አገልግላለች።

ዳገቱን ስናጋምስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩ ላይ ደረሰ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተትጎለጎለ። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። እኛ ግን «ቶሎ በሉ፣ የትምህርት ሰዓት ደረሰ» አልን። ረዳቱ ከማታ ተማሪዎቻችን አንዱ ነው። ለእኛ ብሎ ቸኮለ። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ፈታው። የፈላው ውሃ ዘሎ ቀኝ ክንዱን አቃጠለው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ሞተር ሲሠራ ይግላል። ሙቀቱን የሚያወጣለት ውሃ ነው። ላዳ ውስጥ 10 ሊትር ያህል ውሃ ይዞራል። ውሃው ከሞተሩ ሙቀት ይዞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። እዚያ ነፋስ ያበርደውና ተመልሶ ይገባል።

ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል እናቶች ያውቃሉ። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለሆነ ነው። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግን ውሃውን አፍኖ ይይዛል። የታፈነ ውሃ ቶሎ አይፈላም። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን ውሃው ባንድ አፍታ ገንፍሎ ይወጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. ዳር ይዞ መቆም፤ ሞተሩን ማጥፋት። እንፋሎቱ ሲቀንስ ኮፈኑን መክፈት።

2. ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። ራዲያተሩ ካልበረደ ክዳኑ አይነካም።

3. ሲበርድ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መፍታት። ውሃ ጥቂት በጥቂት መጨመር። የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። የሞተርም ብረት እንዲሁ ሊሰነጠቅ ይችላል።

4. ምክንያቱን መፈለግ። ቱቦው ያፈሳል ወይ? የራዲያተሩን ፊት ጭቃና ገለባ ደፍኖታል ወይ? ቺንጋው ላልቷል ወይ? ቺንጋ ማራገቢያውንና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ጎማ ነው። መሃሉን በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ሲጫኑት ከ1 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢረግብ ደህና ነው።

የኛ ላዳ ቺንጋዋ ላልቶ ነበር። ከበረደች በኋላ ሾፌሩ በመፍቻ አጠበቀው። ሥራው ብዙም አልፈጀ። ውሃ የትም ሳይፈስ እየጎደለ ካስቸገረ ግን መካኒክ ይየው።

ሰው ከተቃጠለስ?

ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው። ለመኪናዋ የያዝነውን ጀሪካን በረዳቱ ክንድ ላይ ጨረስነው፤ ለእሷ ሌላ ከምንጭ ቀዳን። ቃጠሎ ላይ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ውሃ የቋጠረው አይፈነዳም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ረዳቱ ሐሙስ ማታ ክንዱ እንደታሰረ ክፍል መጣ። በግራ እጁ፣ በትልልቁ፣ «ሲግል አይከፈትም» ብሎ ካርቶን ላይ ጻፈ። ሾፌሩ ወስዶ ከመሪው አጠገብ ለጠፈው። አሁን የሚሳፈር ሁሉ ያነበዋል።

መልመጃ

ሀ. የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለምን አይደፋም?

ለ. «ሲግል አይከፈትም» የሚለውን ደብተራችሁ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፉ። መኪና ወይም የወፍጮ ሞተር ላለው ጎረቤት አንብቡለት።