ሰሙ ጽጌረዳ፣ ወርቁ ውኃ

የአማርኛ ግጥም ተፈጥሮን ረስቷል የሚል ቢኖር ሐሰት ነው። ወንዙ፣ ጋራው፣ ጠሉና አደይ አበባው ከስንኞቻችን ተለይተው አያውቁም። የእኔ ክስ ሌላ ነው፤ ዘመኑ ተፈጥሮን ሸቀጥ ካደረጋት በኋላም ገጣሚያችን ዛሬም የሚጠራት ለጌጥነት ብቻ ነው። በግጥም ምሽቶቻችን ግሎባላይዜሽን በጭብጨባ ታጅቦ ይወገዛል፤ የሚወገዘው ግን የባዕድ ልብስና የባዕድ ዘፈን ነው። ውኃውን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

እስቲ አበባን እንመልከት። በግጥማችን አበባ ማለት ውበት፣ ፍቅር፣ ወጣትነት ነው። በዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ዳርቻ ግን አበባ ማለት በፕላስቲክ የተሸፈነ እርሻ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ የፀረ ተባይ ኬሚካል፣ ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚነሣ የጭነት አውሮፕላን ነው። ገበያው እጅግ የሚደራው ለፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን፣ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ነው፤ ይኸውም የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ በበጋው ድርቀት መካከል የበልግን ዝናብ የሚጠባበቅበት ወቅት ነው።

ከዝዋይ የሚተርፈው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። አቢጃታ ደግሞ የመጨረሻው ማረፊያ ነው፤ መውጫ የለውም፤ ከላይ የተቀነሰው ሁሉ እርሱ ላይ ይታያል። ሐይቁ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል፤ ዓሣው በማለቁም ዓሣ በል ወፎች ወደ ሌላ ስፍራ ተሰደዋል። ጥፋቱ የአበባ እርሻ ብቻ አይደለም፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም፣ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬም ድርሻ አላቸው። ይሁንና ሽንኩርቱ ከእኛው ድስት ይገባል። ጽጌረዳው ግን በባዕድ ማስቀመጫ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይጣላል።

«የውጭ ምንዛሪውስ? በእርሻው የሚሠሩት ሴቶችስ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። እርሻው ይዘጋ አላልሁም፤ ሒሳቡ ይሟላ ነው የምለው። በኔዘርላንድ የጨረታ አዳራሽ የአበባው ዋጋ ሲቆረጥ የአቢጃታ ጉድለት ከዋጋው ውስጥ አይገባም። ገዢው የሚያየው ቀይ አበባ ነው፤ የተሸከመው ግን ሐይቅ ነው።

«ይህስ የኢኮኖሚ ባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉኝም አሉ። በላይ የሚታየውን ገልጦ የተሸሸገውን ማውጣት ከጥንት ጀምሮ የማን ሙያ ነበር? ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ይዘን፣ ሰሙ ጽጌረዳ ወርቁ ውኃ የሆነ ቅኔ በየሌሊቱ በአውሮፕላን ሲጫን አለመፍታታችን ምን ይባላል?

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. የወጣውን መድበሉን «እሳት ወይ አበባ» ብሎ ሰየመው። በርእሱ ላይ ሁለቱን «ወይ» ይለያቸዋል። ዛሬ በሐይቆቻችን ዳርቻ ልዩነቱ ያን ያህል ግልጽ አይደለም። ስለ አበባ የሚጽፍ ገጣሚ ከእንግዲህ የጠጣችው ውኃ ከየት እንደ ተቀዳ ይጠይቅ፤ ካልጠየቀ ግጥሙ ለላኪው ነጋዴ በነፃ የተሠራ ማስታወቂያ ነው።