ፕሮግራማችን ምን ያስታውስ? የትስ ያስቀምጠው?



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ጊዜ አልበቃ ብሎን ያለፍነው አንድ ጉዳይ አለ። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። እንዲያውም አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ እናንተ የሕክምና ተማሪዎች ምን አግብቷችሁ?» ብለውናል። የምንኖርበት ሰፈር ሞሃንዲሲን ነው፤ በዐረብኛ «መሐንዲሶች» ማለት ነው። በሰፈራችን ስም መናገር የሚከለክለን ያለ አይመስለንም።

ጉዳዩ ይህ ነው። አንድ ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮግራም ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ቀድሞ የነገርነውን ምርጫ፣ ማለትም ቋንቋውን፣ የዘመን አቆጣጠሩን፣ የፊደሉን መጠን፣ እንዲያስታውስ ከተፈለገ ምርጫው የት ይጻፍ? በምን መልክ ይጻፍ? ደግሞስ ሁሉም ነገር በምርጫ መልክ መቀመጥ ይገባዋልን?

ጥያቄውን የምናነሣው ስለ ተራቀቅን አይደለም፤ ስለ ተጎዳን ነው። ከሱዳን ጎዳና ገባ ብሎ በምንኖርበት ቤት አንድ የጋራ ኮምፒውተር አለ። በላዩ ላይ የአባላትን መዋጮና የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ቀን የሚይዝ ፕሮግራም ተጭኗል። የሠራው ከመካከላችን ኮምፒውተር የሚያጠና አንድ ወንድም ነው፤ ያለ ክፍያ፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ የሠራው ስለሆነ ምስጋናችን ይድረሰው። ፕሮግራሙ ቀኑ ሲቃረብ ያስጠነቅቃል። አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ እንዲሆን አንድ ጊዜ መርጠን ረስተነው ነበር።

በጥር 2017 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ በቫይረስ ተበላሸና ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነበት። ፕሮግራሙንና የቀኖቹን ዝርዝር ከፍላሽ መልሰን ገለበጥን፤ ሁሉም እንደ ነበረ መሰለን። አንዲት እህታችን ፈቃዷ የሚያበቃበትን ቀን «1/7» ብላ አስመዝግባ ነበር። መጋቢት 1 ማለቷ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 10። ፕሮግራሙ ግን ምርጫችን ስለጠፋበት ሲሠራ ወደ ተሰጠው የአውሮፓ አቆጣጠር ተመልሶ ጁላይ 1 ብሎ አነበበው። ማርች 10 መጣ፤ አለፈ፤ ፕሮግራሙ ዝም አለ። እህታችን ነገሩን ስታውቅ ቅጣት ከፈለች፣ ለሁለት ቀን ወረፋ ቆመች፣ አንድ የተግባር ፈተናም አመለጣት።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። ፕሮግራሙን የሠራውን ወንድም ብቻ መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን ዝርዝሩን መልሰን ስንገለብጥ አንድ ቀን እንኳ ከወረቀቱ ጋር ያመሳከረ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ይህን ካልን በኋላ ወደ ስሕተቱ ሥር እንሂድ፤ ሥሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

አንደኛው ስሕተት ምርጫንና መረጃን መቀላቀል ነው። የፊደል መጠን ምርጫ ነው፤ ቢጠፋ ዐይናችንን ያደክመናል እንጂ የሚዋሽ ነገር የለም። ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን ግን መረጃ ነው፤ ትርጉሙ በሌላ ቦታ በተቀመጠ ምርጫ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም። ቀኑ በፋይሉ ውስጥ ዓመትን፣ ወርንና ቀንን አሟልቶ፣ «2025-03-10» ተብሎ አሻሚ ባልሆነ አንድ መልክ ይቀመጥ። ምርጫው የሚወስነው ለዐይናችን መጋቢት 1 ሆኖ ይታይ ወይስ ማርች 10 የሚለውን ብቻ ይሁን። እንደዚህ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ሲጠፋ መልኩ ይለወጥ ነበር እንጂ ቀኑ አይለወጥም ነበር።

የቁጥርም ነገር እንዲሁ ነው። በጀርመን ያላችሁ አባሎቻችን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ሁለት ተኩል የሚጻፈው በነጠላ ሰረዝ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ሺሕ መለያ ነው። አንዱ ኮምፒውተር «2.5» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው እንደ አገሩ ልማድ ሲያነብ 25 ሊያደርገው ይችላል። የመድኃኒት መጠን ለምናጠና ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። ፕሮግራም ለራሱ የሚጽፈው ፋይል የኮምፒውተሩን አገር ልማድ መከተል የለበትም፤ ለሰው የሚያሳየው ይከተል።

ሁለተኛው ስሕተት የቦታ ነው። ቀደም ሲል በዊንዶውስ ፕሮግራሞች ምርጫቸውን አይኤንአይ በሚባሉ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ያስቀምጡ ነበር። ከዊንዶውስ 95፣ ማለትም ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ማይክሮሶፍት ፕሮግራም ሠሪዎች ሬጂስትሪ ወደሚባለው የጋራ መዝገብ እንዲዛወሩ ገፋፋ። ወንድማችንም ይህንኑ አደረገ። ሬጂስትሪ ጥቅም የለውም አንልም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ የተለያዩ ተጠቃሚዎችን ምርጫ ለይቶ ይይዛል፤ ፕሮግራም ሠሪውም ስለ ፋይል አጻጻፍ መጨነቅ አያስፈልገውም። ቋሚ ጠረጴዛና ቋሚ ኮምፒውተር ላለው መሥሪያ ቤት ይበቃል።

እኛ ግን እነማን ነን? በየዓመቱ ቤት የምንለዋውጥ፣ ፍላሽ በኪሳችን ይዘን ከጋራ ኮምፒውተር ወደ ጓደኛ ላፕቶፕ የምንዞር፣ ተጠቃሚው ሲወጣ ሁሉን በሚደመስሱ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ላይ የምንሠራ ተማሪዎች ነን። በሽተኛ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲዛወር ካርዱ አብሮት ይሄዳል። ታሪኩን በአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ የሚጽፍ ሐኪም ቢኖር ምን እንለዋለን? ሬጂስትሪ ለእኛ ያ ግድግዳ ነው።

ስለዚህ የኛ አቋም ምርጫው ከፕሮግራሙ ጎን በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ የሚል ነው። በዚህ ላይ አንድ እንቅፋት መኖሩን አንሸሽግም። ከዊንዶውስ ቪስታ (2007 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተራ ተጠቃሚ የፕሮግራሞች ዋና ፎልደር ውስጥ መጻፍ አይችልም። ይባስ ብሎ ለአንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ጽሑፉን በዝምታ ወደ ሌላ ፎልደር ያዞረዋል፤ እናንተ አንዱን ፋይል ስታስተካክሉ ፕሮግራሙ ሌላውን ያነባል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ፕሮግራሙ ከጎኑ የምርጫ ፋይል ካገኘ ያንን ይጠቀም፤ ካላገኘ በተጠቃሚው የግል ፎልደር፣ በዊንዶውስ አፕዳታ በሚባለው፣ ሊነክስ ላላችሁ ደግሞ ኮንፊግ በሚባለው ውስጥ ይጻፍ። የትኛውን ፋይል እያነበበ እንደሆነም በመስኮቱ ላይ ይንገረን። ከሁለት ቦታ በላይ ግን አይፈልግ።

የፋይሉን ዓይነት በተመለከተ ብዙ ክርክር ሰምተናል፤ አብዛኛው የሞያ ኩራት ይመስለናል። ኤክስኤምኤል ለአሥር መስመር ምርጫ ከባድ ነው። ጄሰን ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነጠላ ሰረዝ ስትጎድል ፋይሉ በሙሉ አይነበብም፤ ማስታወሻ መጻፊያም የለውም። ኤስኪውላይት ለቀኖቹ ዝርዝር ይሁን። ለምርጫው ግን «የዘመን_አቆጣጠር = ኢትዮጵያ» የሚል መስመር፣ ኮምፒውተር ያልተማረ የማኅበሩ ጸሐፊ በኖትፓድ ከፍቶ የሚያስተካክለው፣ በስልክም ለሌላው ሊያነብለት የሚችል፣ ይበቃናል።

ነገር ግን ፊደላችን! ወንድማችን ቀደም ባለው ሙከራው ምርጫውን በአሮጌው የዊንዶውስ የአይኤንአይ መጻፊያ መንገድ አስቀምጦ ነበር፤ በማግስቱ የማኅበራችን ስም በመስኮቱ አናት ላይ የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ አገኘነው። ምክንያቱ ይህ ነው። ያ መንገድ ፋይሉ አስቀድሞ በዩኒኮድ ካልተጀመረ በቀር የሚጽፈው በኮምፒውተሩ አሮጌ የፊደል ገበታ ነው። በግብፅ ኮምፒውተሮች ላይ ገበታው ብዙውን ጊዜ የዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛው በሰላም ሲያልፍ የኛው ይወድቃል። ለግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ገበታ በዊንዶውስ ኖሮ አያውቅም። ልብ በሉ፤ ይህ የመታየት ችግር አይደለም። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተጻፈ የቀደመው ፊደል ተመልሶ አይገኝም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ይሁን። አንድ ፊደላችን በዚህ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የዐሥር መስመር ፋይል ግን በዚህ አይከብድም።

መብራትም አለ። በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. በካይሮ መብራት በፈረቃ ሲጠፋ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የአገር ቤቱንማ ማን ይረሳዋል። ፕሮግራሙ የምርጫ ፋይሉን በላዩ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ የሚቀረው ግማሽ ወይም ባዶ ፋይል ነው። አዲሱ በሌላ ስም ይጻፍ፤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ በአሮጌው ስም ይተካ።

ከመካከላችን «ሁሉንም ወደ ኢንተርኔት ስቀሉት፤ ምን ያደክማችኋል?» የሚሉ አሉ። የአባላት የፓስፖርት ቁጥርና የፈቃድ ቀን በማናውቀው ሰው ማሽን ላይ እንዲቀመጥ አንስማማም። በዚያው አንጻር የይለፍ ቃል በምርጫ ፋይሉ ውስጥ በግልጽ አይጻፍ፤ ፍላሽ ይጠፋል።

በመጨረሻ የራሳችንን ሞያ የሚነካ ነገር። ለጥናት የምንጠቀምበት ትንሽ የሒሳብ ፕሮግራም አለ፤ የደም ስኳር መለኪያውን፣ ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ሚሊሞል በሊትር፣ ባለፈው ጊዜ እንደተመረጠው ያስታውሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 18 እጥፍ ነው። አንድ ሰው «18» ብሎ አስገባ እንበል። በሚሊሞል ከሆነ ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሏል፤ በሚሊግራም ከሆነ ነፍሱ አደጋ ላይ ናት፤ ወዲያውኑ ስኳር ይሻል። ከኛ በፊት የተቀመጠው ሰው የመረጠው መለኪያ በዝምታ ቢጠብቀን፣ ለመጀመሪያው የምንሰጠውን ኢንሱሊን ለሁለተኛው ልናዝ ነው። እንዲህ ያለውን ምርጫ ፕሮግራሙ ባያስታውስ ይሻላል፤ ሁልጊዜ ይጠይቅ፤ መለኪያውም ከቁጥሩ አጠገብ አይጥፋ።

ያልተስማማንበት አንድ ነጥብ ቀርቷል። የምርጫ ፋይሉ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? ግማሾቻችን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዞ ይቀጥል እንላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ምንም አይገምት፣ ቆሞ ይጠይቅ እንላለን። ሐሳባችሁን ለሚቀጥለው እትም ላኩልን። እስከዚያው ዝርዝሩን ከወረቀት ጋር እያመሳከርን ነው። እንደ «1/7» ያሉ አሻሚ ቀኖች 14 አግኝተናል፤ ዘጠኙን ባለቤቶቻቸው አረጋግጠዋል፤ የቀሩትን አምስት ስሞች በቤታችን በር ላይ ለጥፈናል፤ ስማችሁን ያያችሁ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ኑ።