የማይታየው በምን ታወቀ?

ባለፈው ትምህርት ላይ ስለ ራዶን ተነጋግረን ነበር። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ አይታይ፣ አይሸት፤ ታዲያ ሰው እንደሚጎዳ በምን ታወቀ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ እነሆ።

ራዶን እንደ አየር ያለ ነገር ነው። በየአገሩ ከአፈርና ከድንጋይ ይወጣል። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ይከማቻል። ራዶን ጨረር አለው። ጨረር ማለት ዓይን የማያየው፣ ሥጋን የሚጎዳ ኃይል ነው። ከትንፋሽ ጋር ገብቶ ሳንባን ይጎዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

በ1977 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1984) በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ እንዲህ ሆነ። አንድ ሠራተኛ በአቶም ኃይል ወደሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲገባ፣ በር ላይ ያለው የጨረር መቆጣጠሪያ ጮኸ። እንዴ! ጨረሩ ከየት መጣ? ቢመረመር ከገዛ ቤቱ ይዞት የመጣ ነበር። ቤቱ በራዶን ተሞልቶ ነበር።

እዚያ ቤት ራዶኑ እጅግ ብዙ ነበር። ትንሹስ ይጎዳል? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ትንሽ ራዶን ዛሬ አያሳምም፤ ነገም አያሳምም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ብዙ ሰው መቁጠር ያስፈልጋል።

ተመራማሪዎች በ9 የአውሮፓ አገሮች ይህን አደረጉ። የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን 7,148 ሰዎች ካልያዛቸው 14,208 ሰዎች ጋር አስተያዩ። በየቤቱ ራዶኑን ለኩ። ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነም ጠየቁ፤ የሲጋራው ጉዳት ከራዶኑ ጉዳት ጋር እንዳይደባለቅ ነው። ሁሉንም ጻፉ፤ አሰሉ።

ውጤቱ በ1997 ዓ.ም. ወጣ። ራዶን በጨመረ ቁጥር በሽታውም ይጨምራል። በትንሹም ልክ ቢሆን አደጋው አለ። ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው 25 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

እንግዲህ እናቴ፣ የታወቀው በመለካት፣ በመጻፍና በመቁጠር ነው። እኛም ዛሬ የምንማረው መጻፍና መቁጠር እኮ ነው!

ምን እናድርግ? በርና መስኮት ከፍተን ቤታችንን እናናፍስ። የወለሉን ስንጥቅ እንድፈን። ከሁሉም በላይ ሲጋራ አናጭስ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ጥያቄ
1. ራዶን ከየት ይወጣል?
2. ተመራማሪዎቹ ስለ ሲጋራ ለምን ጠየቁ?
3. በቤታችሁ አየር በየት በኩል ይገባል? በየት በኩልስ ይወጣል?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ላላነበበ ጎረቤትም አንብቡለት።