ቦንሳይዎ ላይ ተባይ ሲወጣ

ቦንሳይ የተለየ የዛፍ ዝርያ አይደለም። በዝርግ የሸክላ ሳህን ውስጥ እየተከረከመ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር የተደረገ ተራ ዛፍ ነው። ጓሮ ያለ ትልቅ ዛፍ አንድ ቅርንጫፉን ተባይ ቢጨርሰው በሌላው ይኖራል፤ ቦንሳይ ግን ያለው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይራቆታል። ስለዚህ ከመድኃኒት በፊት ዓይን ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ውሃ ሲያጠጡ፣ የቅጠሉን ጀርባ ገልበጥ አድርገው ይዩት።

በአሜሪካ ለጀማሪ በብዛት የሚሸጠው የጥድ ቦንሳይ ነው። ጥድ የደጅ ዛፍ ነው፤ የብርዱን ወራት ሳሎን ውስጥ ማሞቂያ አጠገብ ካሳለፈ ይዳከማል። ያ ሞቃትና ደረቅ አየር ደግሞ ቀይ ሸረሪት ለሚባለው ተባይ ይመቸዋል። በዓይን ለማየት ስለሚያስቸግር ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ይያዙና ቅርንጫፉን መታ መታ ያድርጉት። ከወደቀው አቧራ መካከል የሚሄድ ነጥብ ካለ እሱ ነው። (ይህን ሥራ ለልጆች ይስጧቸው፤ ይወዱታል።) አረንጓዴ ነው ብለው ግን አይዘናጉ፤ ጥድ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት መልኩን አይለውጥም።

ቀይ ሸረሪት ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለም። ብዙው የነፍሳት መርዝ እሱን ትቶ የሚበሉትን ጠላቶቹን ስለሚገድል ጭራሽ ያበዛዋል። ውሃ ይሻላል። አፈሩ እንዳይታጠብ ሳህኑን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍነው ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ በሻወር ይጠቡት። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነስቶ ለመራባት አንድ ሳምንት ያህል ስለሚበቃው በየሦስት አራት ቀኑ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይደጋግሙት።

ቤት ውስጥ መኖር የሚችለው ፊከስ ነው፤ የዋርካና የሾላ ዘመድ። የእሱ ችግር ሌላ ነው። ቅጠሉ ወይም ጠረጴዛው ከተጣበቀ፣ ወይም ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰ፣ ጭማቂውን እየመጠጠ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚጥል ተባይ አለ ማለት ነው። አንዱ ጥጥ መስሎ በቅጠሉ መጋጠሚያ ይሸሸጋል። ሌላው ቡናማ ጠብታ መስሎ ግንዱ ላይ ስለሚለጠፍ የቅርፊቱ አካል ይመስላል፤ በጥፍር ሲነኩት ከተነሳ ተባይ ነው። ሁለቱንም ቁስል በሚጠረግበት 70 በመቶ አልኮል በተነከረ የጆሮ ጥጥ አንድ በአንድ ያንሷቸው። በመሃል ነጭ ወተት ቢወጣ አይደንግጡ፤ የፊከስ ጠባይ ነው።

ክሽክሽን ጨምሮ ለተረፈው፣ ለተክል ተብሎ የተዘጋጀ ሳሙና ይበቃል። የዕቃ ማጠቢያው ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ በተለይ ጄድ የሚባለው ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ሳሙና አይስማማውም። ሕፃን በሚድህበት ሳሎን ውስጥ ለአንዲት ሳህን ዛፍ ሲባል ጠንካራ መርዝ መርጨት ግን በእኔ አስተያየት አያስፈልግም። አልሆን ካለ ዛፉን መጣል ይሻላል።

አዲስ የተገዛ ዛፍ ከሌሎቹ ጋር ሳይቀላቀል ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ተክዊላ ከተማ፣ ከኮሪያ በመጡ የሜፕል ቦንሳዮች ግንድ ውስጥ የተደበቀ ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ተገኝቶ ነበር። ጥቂቶቹ ስላመለጡ በአካባቢው 1,000 ያህል ዛፍ መቁረጥ ግድ ሆነ። ከአገር ቤት ሲመለሱ ችግኝ በሻንጣ መያዝ የሚያሰጋውም ለዚህ ነው፤ የጤንነት ምስክር ወረቀት ከሌለው ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። ዋርካ የናፈቀው ካለበት ከተማ ፊከስ ቢገዛ ይቀለዋል፤ ከመክፈሉ በፊት ግን ቅጠሉን ገልብጦ ይየው።