ሻማው ይቅርና ማገዶው ይምጣ

«መምህር ሻማ ነው፤ ለሌላው እያበራ እርሱ ይቀልጣል።» በትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ይህን ያልሰማ፣ ግጥም ልሞክር ብሎ ብዕር ሲያነሣም ይህን ያልጻፈ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔም ጽፌዋለሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሰልፉ ሜዳ ቆሜ አነበብኩት፤ ተጨበጨበልኝ። ጠመኔ ከኪሳቸው እየገዙ ያስተምሩን የነበሩት ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ አመስግነው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያም ወደ ክፍል አለቃችን ዞር ብለው፣ «ለነገ ጠመኔ አለ?» ሲሉ ጠየቁት። አልነበረም።

ዛሬ ሙግቴ ከዚያ ግጥም ጋር ነው። ሻማ የሚለው ምስል ውዳሴ ይምሰል እንጂ በውስጡ የዕዳ ስረዛ አለበት። ሻማ ከማንም ማገዶ አይጠይቅም፤ የሚያነደው የራሱን ገላ ነው። ማለቁም ተፈጥሮው ስለሆነ ለምን አለቀ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። እኔ በባንክ ቤት ሒሳብ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ፤ ዕዳ በምስጋና ሲወራረድ አላየሁም። አባባሉ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመረዳት፣ እሳት የግጥም ጌጥ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ወደሆነበት ክፍል፣ ወደ በረዶ አገር ልውሰዳችሁ።

ቦታው በአሜሪካ የነብራስካ ሜዳ ነው፤ ዘመኑ 1880ዎቹ፣ በእነርሱ አቆጣጠር። የገጠር ትምህርት ቤት ማለት አንዲት ክፍልና አንዲት መምህርት ማለት ነበር። መምህርቷ ብዙውን ጊዜ ሃያ ዓመት እንኳ ያልደፈነች ልጃገረድ ናት፤ ደመወዟ ከወንዶቹ ያነሰ ነው፤ የምታድረውም ከመንደሩ ገበሬዎች በአንዱ ቤት ነው። ክረምት ሲሆን ከተማሪዎቿ ቀድማ በረዶውን እየረገጠች ትደርሳለች። የደጁን በረዶ በአካፋ ትዝቃለች፤ የትናንቱን አመድ ታወጣለች፤ የብረት ምድጃውን ታቀጣጥላለች። በዚያ ሜዳ ዛፍ ብርቅ ስለነበር የሚነደው የድንጋይ ከሰል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ እርሱ ሲጠፋም የተገመደ ድርቆሽ ነው። ቀለሙ በብልቃጡ ውስጥ ረግቶ ያድራል። ከምድጃው ጎን የተቀመጠው ልጅ ፊቱ ሲለበለብ፣ ከግድግዳው ጥግ ያለው ጣቶቹ ደንዝዘው እርሳስ መጨበጥ ያቅተዋል። ስለዚህ ልጆቹን ታፈራርቃለች፤ እርጥብ የእጅ ሹራብ በምድጃው ዙሪያ ታሰጣለች፤ በየቆርቆሮው በረዶ የሆነውን የምሳ ዳቦ ታሟሙቃለች። ንባቡና ሒሳቡ በዚህ ሁሉ መካከል ይሰጣል። ማታ ክፍሉን ጠርጋ ትወጣለች። ለዚህ የዘወትር ሥራ የተገጠመላት ዜማ የለም።

ዜማው የመጣው በአደጋው ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1888፣ ሐሙስ፣ ማለዳው ከወትሮው ሞቅ ያለ ስለነበር ብዙ ልጆች ወፍራም ልብስ ሳይደርቡ ወጡ። ከዚያ የበረዶ ማዕበሉ በድንገት ወረደ፤ ሰው የገዛ እጁን ማየት አቃተው። የሟቾቹ ብዛት ብዙውን ጊዜ 235 ተብሎ ይጠቀሳል። ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው ሲጓዙ መንገድ ላይ የቀሩ ሕፃናት ብዙ ስለነበሩ፣ ማዕበሉ እስከ ዛሬ በተማሪዎች ስም ይጠራል።

በዚያ ቀን ሚኒ ፍሪማን የተባለች መምህርት ከሣር አፈር የተሠራች ትምህርት ቤቷን ጣሪያ ነፋሱ ሲነቅለው፣ ተማሪዎቿን ይዛ ወጣችና ሁሉንም በሕይወት ከአንድ የገበሬ ቤት አደረሰች። አገር ዘመረላት፤ ስጦታ ጎረፈላት። ልጆቹን በገመድ አያይዛ መራቻቸው የሚለው ዝርዝር ግን ኋላ አከራካሪ ሆኗል። ጀግንነቷ ብቻውን ስላልበቃ ይመስላል፣ ገመዱን የጨመርንላት እኛ ወሬ አሳማሪዎቹ ነን።

በዚያው ቀን፣ በዚያው በነብራስካ፣ ሎይስ ሮይስ የተባለች ሌላ መምህርት ነበረች። ከእርሷ ጋር የቀሩት ሦስት ሕፃናት ነበሩ። ማገዶው አለቀ። ክፍሉ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሦስቱን ይዛ፣ ሩቅ ወዳልነበረው ማደሪያዋ ለመድረስ ወጣች። መንገዱ ጠፋባት። ሌሊቱን በሜዳው ላይ ልጆቹን አቅፋ አደረች፤ ሦስቱም በእቅፏ ውስጥ ሞቱ። እርሷ ተረፈች፤ እግሮቿ ግን ተቆረጡ።

እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ ሴቶች መካከል የነበረው ልዩነት ድፍረት ነው የሚል ይኖራል? ፍቅር ነው የሚልስ? ሮይስ ሻማ መሆን ካለባት ሆናለች፤ ገላዋን ሰጥታለች። ልጆቹ ግን ከሻማነቷ አልሞቁም። የጎደለው ማገዶ ነበር። ማገዶ ደግሞ የመምህርት የመንፈስ ጥንካሬ ሳይሆን የመንደሩ፣ የወላጁና የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ኃላፊነት ነው።

«ያን የመሰለ ማዕበል በማገዶ ክምር ይመከታል ወይ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ማዕበሉን ያስቆማል አላልኩም፤ ጣሪያ ከተነቀለም ከሰል አያድንም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ተማሪዎቻቸውን ከክፍል ሳያስወጡ፣ ምድጃውን እያነደዱ፣ ተረት እያወሩ፣ መዝሙር እያዘመሩ ያነጉ መምህራንም ነበሩ። የሚነድ ነገር ነበራቸው፤ በአንዳንድ ቦታ ወንበሩንም አንድደውታል። ሲነጋ አባቶች መጥተው ልጆቻቸውን ወሰዱ። የእነዚህን መምህራን ስም ከመካከላችን ማን ያውቃል? ምንም ስላልደረሰባቸው ዘፈን የላቸውም። እኔ ግን ላወድስ ብል የማወድሰው ያችን ሌሊት ነው፤ ልጆች ተኝተው፣ ራብ ብሏቸው፣ ተሰላችተው፣ በሕይወት ያነጉባትን።

ግጥም ለምትወዱ ወዳጆቼ የምለው ይህንን ነው። መምህርን ማመስገን ነውር አይደለም። ነውሩ የጎደለውን ነገር የጀግንነት መታያ ማድረግ ነው። መከራ ሲያምርብን መከራውን ማስቀረት ያስጠላናል፤ ጠመኔ የገዛው መምህር ከጠመኔው ይልቅ መግዛቱ ይማርከናል። እንዲህ ያለው ስንኝ አድማጩን ያስለቅስና፣ ዕንባውን ጠርጎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንዲሄድ ይፈቅድለታል። እኔም በዚያ ሰልፍ ሜዳ ያደረግሁት ይኸው ነበር። ጋሼ ግጥሜን በኪሳቸው ይዘው በማግሥቱ ጠመኔ ሊገዙ ሄደዋል።

ስለዚህ ስለ መምህር መጻፍ ያማረው ሰው አስቀድሞ ክፍሉን ይጎብኝ። ጥቁር ሰሌዳውን፣ ጣሪያውን፣ የልጆቹን ጣት ይመልከት። ምን እንደጎደለ ይቁጠር፤ ማን ሊያሟላው እንደሚገባም ሳያድበሰብስ ይጻፍ። ስንኙ ቤት ባይመታ ግድ የለም።